«ለዚህ ነው የመጣሽው?» እንዳልባል ስል ዘገየሁ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉድ ይዤ መጣሁ።

የ34 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ደግሞ 4። ከባለቤቴ ጋር በብዙ ነገር እንግባባለን። ሰው ሲታመም ግን እንጣላለን። እሱ ልጅ ወደቀ ከተባለ ጫማውን ለማድረግ ይሮጣል። «ተነሺ፣ ክሊኒክ እንሂድ» ነው። እኔ ደግሞ «ቆይ እስቲ፣ ይተወው ይሆናል» ባይ ነኝ።

እንዲህ የሆንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጄ ሕፃን እያለች አንድ ሌሊት ክፉኛ አተኮሳት። አቅፌያት ያለ ቀጠሮ ወደሚያስተናግድ ክሊኒክ በረርኩ። ስንደርስ ትኩሳቱ ወርዷል። ልጅት እየሳቀች በሸሚዜ ቁልፍ ትጫወታለች። የተቀበለን ባለሙያ ሰው ሁሉ እየሰማ «ለዚህ ነው በዚህ ሌሊት የመጣሽው?» አለኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ እግሬ ወደ ክሊኒክ አልሄድ ብሎኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ብርጭቆ ሳጥብ እጄ ላይ ተሰበረና ሌባ ጣቴን ሥሩ ላይ ቆረጠኝ። ባለቤቴ እንሂድ አለ። «ለዚህች?» ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬው ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን አብጦ፣ መግል ይዞ ሲጠዘጥዘኝ ሄድኩ። «ዘግይተሻል፣ አሁን አንሰፋውም» አሉኝ። አጥበው መድኃኒት ሰጡኝ። አሁን ድኗል። ጫፉ ትንሽ ይደነዝዘኛል እንጂ ምንም አይለኝም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጄ ከአልጋ ወድቆ ግንባሩ አበጠ። ባለቤቴ «እሱንም እንደ እጅሽ ልታደርጊው ነው?» አለኝ። ልጆቹ እየሰሙ ተጨቃጨቅን። እሱ ይዞት ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። «ምንም አልሆነም» ተብለው መጡ። ተመስገን ማለት ሲገባኝ «አላልኩህም?» አልኩት። እስካሁን በቅጡ አላወራንም።

መቼ ነው መሄድ ያለብኝ? መቼስ ነው ቤት ብቆይ የማይቆጨኝ? ይሄ ሐፍረትስ እንዴት ነው የሚለቀኝ?

ግራ የገባት እናት

*

እህቴ፣ ስለ ባለቤትሽም ስለ ሐፍረትሽም እናወራለን። መጀመሪያ ግን ስለ ጣትሽ። «ጫፉ ትንሽ ይደነዝዘኛል እንጂ» ብለሽ እንደ ዋዛ አልፈሻታል። እኔ ግን ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበችኝ እሷ ናት።

ከጣት ግራና ቀኝ ስሜት የሚያስተላልፉ ቀጫጭን ነርቮች ይወርዳሉ። ብርጭቆ ስለታም ነው። ቁስሉ ከላይ ትንሽ መስሎ ከሥር ነርቭ ወይም ጅማት ሊቆርጥ ይችላል። ቆዳው ከገጠመ በኋላም ያ ጉዳት ከውስጥ ይቀራል። አሁን ዓይንሽን ጨፍኚና ሌላ ሰው የጣትሽን ጫፍ ግራና ቀኙን በጥጥ ይንካልሽ። አንዱ ጎን የሚታወቅሽ፣ ሌላው የማይታወቅሽ ነው? የመካከለኛውን አንጓ በሌላ እጅሽ ያዢውና ጫፉን ብቻ ለማጠፍ ሞክሪ። ይታጠፋል? ከዚህ ሆኜ ጣትሽን ማየት አልችልም። የፈተናው ውጤት ምንም ይሁን ምን ግን ሐኪም ማየት አለበት። ነርቭ በጊዜ ሲጠገን የተሻለ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው ማለት ግን አበቃለት ማለት አይደለም። ስትሄጂ «በብርጭቆ ተቆርጬ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ጫፉ ይደነዝዘኛል» በያቸው። ከነርቩ ሌላ ስብርባሪ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነም ጠይቂ። ብርጭቆ አብዛኛውን ጊዜ በራጅ ይታያል። እባክሽ ይሄን ለሚቀጥለው ሳምንት አታሳድሪው።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ያ ባለሙያ የተናገረሽ ነገር ልክ አልነበረም። የሕፃን ትኩሳት ይወጣል፣ ይወርዳል። ማስታገሻ ከተሰጠማ መንገድ ላይ እያለ ሊበርድ ይችላል። አንቺ ቤት ሆነሽ ያየሽው ትኩሳት እውነት ነበር። እሱ ያየው ደግሞ ክሊኒክ እስክትደርሱ የተረፈውን ነው። ለመሆኑ ያኔ ልጅሽ ስንት ወሯ ነበር? ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰው እየሳቀ እንኳ ቢሆን በቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከዚያ በላይ ብትሆንም ቢሆን፣ በሌሊት ልጇ ያተኮሳት እናት ልታሳያት መሄዷ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? የልጅሽን ደህንነት ነግሮሽ በሰላም ሊሸኝሽ ይገባ ነበር። ሰው ፊት ያዋረደሽ የእሱ ቃል ነው። አንቺ ያጠፋሽው አንዳች ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደሙ እየፈሰሰ «ለዚህች?» ያልሽው ቁስሉን አይተሽ ነው ወይስ በዚያ ሌሊት ዞረው ያዩሽ ሰዎች ትዝ ብለውሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግሽም። ግን አስቢው። ሁለተኛው ከሆነ፣ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይኸው ከዓመታት በኋላም ስለ እጅሽ እየወሰነችልሽ ነው ማለት ነው።

ባለቤትሽም ቢሆን የሚወስነው ቁስሉን አይቶ አይመስለኝም። እሱን ድንጋጤ ያስነሳዋል፣ አንቺን ሐፍረት ያስቀምጥሻል። ለዚህ ነው የማትግባቡት። ሁለታችሁም ሌላ የምታዩት ነገር ያስፈልጋችኋል። እሱም ምልክት ነው። ምልክት አያፍርም፣ አይደነግጥም።

በመቆረጥ እንጀምር፣ አንቺን ያገኘሽ እሱ ስለሆነ። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገሽ ሰዓት እያየሽ 10 ደቂቃ አጥብቀሽ ያዢ። «ቆሞ ይሆን?» እያልሽ በየመሃሉ እንዳትገልጪው። ሊረጋ የጀመረው ደም እንደገና ይፈታል። ከ10 ደቂቃ በኋላም ካልቆመ መሄድ ነው። ቢቆምም የቁስሉ ከንፈሮች የሚከፈቱ ከሆነ፣ ከውስጥ ቢጫ ስብ ከታየሽ፣ ፊት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ከዚያ በታች ያለው አካል ከደነዘዘ ወይም አልታዘዝ ካለ፣ የዚያኑ ቀን ይታይ። የሚሰፋ ቁስል ቶሎ ቢሰፋ ይመረጣል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ውስጥ። በሦስተኛው ቀን ያልሰፉልሽ ጨክነው አይደለም። መግል የያዘ ቁስል ላይ ከተሰፋ ኢንፌክሽኑ ውስጥ ይታፈናል። የእጅ ጉዳት ከሆነ ደግሞ ቀለበትሽን ወዲያው አውልቂ። ጣት ካበጠ በኋላ ቀለበቱ አልወጣም ይላል፣ በመቁረጫ እስከመቆረጥ ይደርሳል።

እግረ መንገዴን፦ ያኔ የቲታነስ ክትባት ነገር ተነስቶ ነበር? መሠረታዊውን ክትባት ለጨረሰ ሰው ንጹሕና ትንሽ ቁስል ሲሆን የመጨረሻው መርፌ 10 ዓመት ካለፈው ይደገማል። ቁስሉ ቆሻሻ ወይም ጥልቅ ከሆነ 5 ዓመት ካለፈውም ይደገማል። መቼ እንደተከተብሽ ካላስታወስሽ ለጣትሽ ስትሄጂ ይህንንም ንገሪያቸው።

ቃጠሎ ላይ ሰው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ይሆናል። ቅቤ ይባላል፣ የጥርስ ሳሙና ይባላል፣ በረዶ ይባላል። አንዱም አይጠቅምም፣ ቁስሉን ያባብሳሉ። የሚጠቅመው ቀዝቀዝ ያለ የሚወርድ ውኃ ነው፣ ለ20 ደቂቃ። 20 ደቂቃ ከሚያለቅስ ልጅ ጋር ረጅም ጊዜ ነው። ቢሆንም አታሳጥሪው። ከዚያ በኋላ ፊትን፣ እጅን፣ እግርን፣ መገጣጠሚያን ወይም ብልትን የነካ ከሆነ፣ ወይም ከተጎዳው ሰው መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ ሐኪም ያስፈልጋል። ትንሽ ልጅ ውኃ አቋጥሮ ከሆነ ቦታው ጠባብ ቢሆንም ይታይ።

ወለምታ ላይ አንቺን «ቆይ እስቲ» የሚያሰኝሽ አመል አንዳንዴ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የካናዳዋ ኦታዋ ሐኪሞች ለቁርጭምጭሚት ጉዳት አንድ ቀላል መመዘኛ አወጡ፣ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። ዋናው ነገር ሁለት ነው፦ ሰውዬው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ይችላል ወይ? በግራና በቀኝ የወጡት አጥንቶች የኋላ ጠርዝ ሲጫን ያመዋል ወይ? መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱ ሲነካ ካመመው ራጅ ይነሳል። እግሩ ጎን ላይ ወይም መሃል ላይ ያለው አጥንት ካመመውም እንደዚያው። ይህ ሁሉ ከሌለ ስብራት የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይበቃል። ሐኪሞቹ ራሳቸው እንኳ «ለማንኛውም» እያሉ ሁሉንም ራጅ ከማንሳት ወደ ምልክት ዞረዋል።

ውሻ ከነከሰ ግን መጠበቅ የለም። ጭረት እንኳ ቢሆን። ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። በዚህ ላይ ከባለቤትሽ ጋር ብትጨቃጨቁ እሱን ስሚው።

ወደ ግንባሩ ልምጣ። ልጅሽ ከአልጋ ወድቆ ወዲያው ካለቀሰ፣ ከዚያ ተጽናንቶ ወደ ጨዋታው ከተመለሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ሆኖ መከታተል ይቻላል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ግራ የገባው ወይም የፈዘዘ ከመሰለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ፈሳሽ ከወረደ ግን ክሊኒክም አይበቃውም። ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። መተኛቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ለመቀስቀስ ካስቸገረ ነው ክፉው። እና ልጠይቅሽ፣ ባለቤትሽ ሲመለስ «ምን ምልክት ተከታተሉ አሉህ?» ብለሽ ጠይቀሽዋል? «ምንም አልሆነም» ባዶ መልስ አይደለም። ባለሙያ የልጁን ዓይን በመብራት አይቶ፣ አንገቱን ነክቶ፣ አስመልሶት እንደሆነ ጠይቆ የደረሰበት ነው። አንቺም ቢሆን ያንን ስትሰሚ ነው ደረትሽ የተፈታው።

ለክሊኒክ ከባድ የሆነውን ነገር መለየት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም እዚያ መሄዱ ራሱ ጊዜ ያባክናል። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ፊት በአንድ ጎን መጣመም፣ ክንድ መዛል ወይም አንደበት መተሳሰር፣ ከመድኃኒት ወይም ከንብ ንድፊያ በኋላ ከንፈርና ምላስ አብጦ መተንፈስ ማስቸገር፣ የማይቆም ደም፣ ራስን መሳት። ለእነዚህ አምቡላንስ ወይም ሆስፒታል ነው። ሕፃን ያለቅጥ ከፈዘዘ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ወይም ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ከትኩሳት ጋር ከወጣበትም እንደዚሁ። ተራ ትኩሳት ሲሆን የቁጥሩን ያህል የልጁን ሁኔታ እይ፦ ይጠጣል? ይሸናል? ሲያናግሩት ያያል? ወባ ያለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ግን ትኩሳት ሳያድር በደም ምርመራ ይታይ።

እንግዲህ ሐፍረቱ። በአንድ ቀን አይለቅሽም፣ እንደሚለቅሽ ቃል ልገባልሽም አልችልም። ግን በር ላይ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል። ስትገቢ አንድ ነርስ ምን እንደሆንሽ ትጠይቅሻለች፣ ሙቀትና የልብ ምት ትለካለች። ወረፋው በመጣሽበት ሰዓት አይደለም የሚሠራው፣ በጉዳቱ ክብደት ነው። ይህ አሠራር አሮጌ ነው። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞችን በማዕረጋቸው ሳይሆን በጉዳታቸው እያስቀደመ ያክም ነበር። ስለዚህ ከአንቺ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሞሽ ቢገባ ንቀውሽ አይደለም። አንቺም ትንሽ ነገር ይዘሽ ብትሄጂ የባሰበት ሰው ቦታ አትወስጂበትም። ነርሷ እዚያ የተቀመጠችው ያንን ለመለየት ነው። «ይሄ ለክሊኒክ የሚያበቃ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻሽን ቤትሽ ውስጥ ከምትሸከሚው ለእሷ አስረክቢያት።

ስትናገሪ «ይቅርታ፣ ትንሽ ነገር ናት...» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ ያለ አጀማመር ሰሚውንም ያዘናጋዋል። በቀጥታ ተናገሪ፦ «ከሁለት ሰዓት በፊት በብርጭቆ ተቆረጥኩ፣ 10 ደቂቃ ይዤው አልቆመም፣ ጣቴ ደንዝዟል።» ምን፣ መቼ፣ ምን አደረግሽለት፣ ምን አሳሰበሽ። ይኸው ነው። የምትወስጂውን መድኃኒት ስምና አለርጂ ካለሽ እሱን ንገሪ። ለልጅ ከሆነ ክብደቱን እወቂ፣ የመድኃኒቱ መጠን በእሱ ነው የሚሰላው። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ «ምን ካየሁ ልመለስ? ስፌቱ መቼ ይወጣል?» በይ። የፊት ስፌት በ5 ቀን ገደማ ይወጣል፣ የእጅ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቁስሉ ዙሪያ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ሕመሙ ከሁለተኛው ቀን በኋላ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ከወጣ ወይም ካተኮሰሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ሌላ «ለዚህ ነው የመጣሽው?» የሚል ሰው ቢገጥምሽስ? ሊገጥምሽ ይችላል። ድምፅሽን ሳትጨምሪ «አዎ። ምንም ካልሆነ ደስ ይለኛል። ምን እንድከታተል ይንገሩኝ» በይ። ከዚህ በላይ ማስረዳት የለብሽም። ደግሞ ብቻሽን አትሂጂ። ለጣትሽ ስትሄጂ ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድ። የሚሮጥ ሰው አለሽ፣ አስሩጪው።

ስለ እሱ ይሄን ልበል። «እንደ እጅሽ ልታደርጊው ነው?» ማለቱ ጎድቶሻል፣ ያውም ልጆች ፊት። ይህን ልትነግሪው ይገባል። ግን ያቺን ሌሊት ነግረሽው ታውቂያለሽ? ዓይኖቹን፣ መዋረዱን? ደብዳቤሽ ላይ እንደነገርሽው የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ምናልባት እሱ የሚያየው ግትር ሴት ነው፤ የፈራች ሴት አላየም ይሆናል። ልጆቹ ሲተኙ «አላልኩህም በማለቴ ይቅርታ። እኔ ክሊኒክ የማልሄደው ለምን እንደሆነ ልንገርህ» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ያልኩሽን ምልክቶች ሁለታችሁ ሆናችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ ቤት የሚያቆየውን፣ ክሊኒክ የሚያስኬደውን፣ ሆስፒታል የሚያስሮጠውን። አንድ ስምምነትም ጨምሩ፦ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ሲመጣና ሳትስማሙ ስትቀሩ፣ «እንሂድ» ያለው ወገን ይሰማል። ማን ልክ ነበር የሚለው ግን ከተመለሳችሁ በኋላ አይነሳም።

ወረቀቱን ከማንጠልጠላችሁ በፊት ያለ ቀጠሮ ወደሚያስተናግደው ክሊኒክ ደውይና ጠይቂ። በስንት ሰዓት ይዘጋል? ቁስል ይሰፋሉ? የ4 ዓመት ልጅስ ይሰፋሉ ወይስ ወደ ሌላ ይልካሉ? ራጅ አላቸው? በዕረፍት ቀን ክፍት ናቸው? መልሱን ከምልክቶቹ ሥር ጻፊው፣ ከሆስፒታሉና ከአምቡላንስ ስልክ ጋር። የ9 ዓመቷ ልጅሽም ታንብበው። እናንተ በሌላችሁ ሰዓት ወንድሟ ቢወድቅ ለማን እንደምትደውል ማወቅ አለባት።